ግድግዳ የተነፈጋቸው የሜክሲኮ ሴት ሠዓልያን

ሜክሲኮ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው አደባባዩ፣ ታክሲውና ወረፋው ነው። ስያሜው ግን እንዲያው በአጋጣሚ የተሰጠ አይደለም። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ ድርጊቱን በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ከተቃወሙና ለወረራው ዕውቅና ከነፈጉ ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያን ስም የያዘ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ከዚህ አልፈን ስለዚያች አገር የምናውቀው ብዙ አይደለም። ሥነ ጥበቧን በተመለከተማ ዕውቀታችን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ስሞች ያልቃል፤ ዲዬጎ ሪቬራና ባለቤቱ ፍሪዳ ካሎ። የዛሬው ጽሑፌ ከነዚህ ሁለት ስሞች ጀርባ ስለቀሩት ሴቶች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ፍሪዳ ካሎ ተረስታለች ብል ማንም አያምነኝም። በኅዳር 2025 ኒውዮርክ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ፣ አልጋ ላይ ተኝታ ራሷን የሳለችበት ሥዕል 54.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። የሴት ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ይህን ያህል ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። ያው ሥዕል በ1980 የተሸጠው በ51 ሺህ ዶላር ነበር። በ1933 ከባሏ ጋር አሜሪካ ዲትሮይት ከተማ በነበረች ጊዜ አንድ የአገሩ ጋዜጣ ያስተዋወቃት «የታላቁ ሠዓሊ ሚስት በሥዕል ትሞካክራለች» በሚል መንፈስ ነው። በገዛ አገሯ በሕይወት ሳለች የግል ዐውደ ርዕይ የተዘጋጀላት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በ1953 ልትሞት አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀራት ነበር። ታማ ስለነበር አልጋዋ ወደ አዳራሹ ተወስዶ እዚያው ተኝታ እንግዶቿን ተቀበለች። ዛሬ የምናውቃት ፍሪዳ የተፈጠረችው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሴቶች እንቅስቃሴ ሥራዎቿን ካነሳ፣ የለንደኑ የ1982 ዐውደ ርዕይና የ1983ቱ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ከወጡ በኋላ።

እንደኔ እንደኔ የፍሪዳ ዝና ለሌሎቹ በጎ ብቻ አላደረገም። አንዲት ሴት ይህን ያህል ከነገሠች፣ «ሴቶችንማ አክብረናል እኮ» ለማለት ይመቻል። አንዷ ስም ለሁሉም ትበቃለች። በዚህ ምክንያት ከሷ ጋር የተማሩ፣ ከሷ ቀድመው በውጭ አገር ሥዕላቸውን ያሳዩ፣ እሷ ያልደረሰችበትን ግድግዳ የሳሉ ሴቶች ስማቸው ሲነሳ «የፍሪዳ ጓደኛ» እየተባሉ ነው።

ግድግዳው ለምን እንዲህ አስፈለገ?

ነገሩን ለመረዳት ወደ ሜክሲኮ አብዮት መመለስ ያስፈልጋል። በ1910 የተጀመረው አብዮት አሥር ዓመት ያህል አገሩን ካመሰ በኋላ፣ በ1921 የትምህርት ሚኒስትር የሆነው ሆሴ ቫስኮንሴሎስ ለሠዓልያን የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ከፈተላቸው። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ታሪኩን ከግድግዳ ላይ እንዲያነብ ነበር ሐሳቡ። ትምህርት ቤት፣ ቤተ መንግሥት፣ ገበያ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሁሉ ተሳለ። ከዚህ ውስጥ «ሦስቱ ታላላቆች» የሚባሉት ሪቬራ፣ ኦሮስኮና ሲኬይሮስ ወጡ።

ልብ በሉ፤ ግድግዳ ማለት ሸራ ማለት አይደለም። ሸራ የሚገዛ ብር ያለው ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ መሳል ይችላል። የመንግሥት ግድግዳ ግን የሚገኘው በውል ነው። ውሉን የሚሰጥ ባለሥልጣን አለ፤ ባለሥልጣኑን የሚያማክር የሙያ ሰው አለ፤ የተመደበ ገንዘብ፣ ልስን የሚለስን ግንበኛ፣ ረዳት፣ የእንጨት መወጣጫም አለ። ፍሬስኮ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ልስኑ ሳይደርቅ ቀለሙ እንዲጠጣ ማድረግን ስለሚጠይቅ በየቀኑ የሚሳለውን ያህል ብቻ እየለሰኑ መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ ሥራው ከሙያነቱ ባሻገር የሥልጣን፣ የገንዘብና የወዳጅነት ጉዳይ ነበር። ግድግዳውን የሚያከፋፍሉት ወንዶች፣ የሚረከቡትም ወንዶች ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ የዘመኑ ታላቅ ሥራ የግድግዳ ሥዕል ነው ብሎ ፈረደ። ሴቶቹስ ሲባል፣ «እነሱማ ትንንሽ ሸራ ላይ የቤት ነገር፣ አበባና ፍራፍሬ ነው የሳሉት፤ ታላቅ ሥራ የላቸውም» አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

የ1945ቱ ውል

ከሁሉ በላይ የማሪያ ኢዝኪዬርዶ ጉዳይ ይገርመኛል። ሕግ የተማርኩ ሰው በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም፣ የሷን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሥዕሎቿ ላይ ሳይሆን ውሉ ላይ ነው።

ማሪያ በ1902 ሳን ሁዋን ዴ ሎስ ላጎስ በምትባል የሐሊስኮ ክፍለ ግዛት ከተማ ተወለደች። ከተማዋ ምእመናን ከየአገሩ የሚጎርፉባት የንግሥ ቦታ ናት። ገና በአሥራዎቹ አጋማሽ ለአንድ ወታደር ተዳረች፤ ሦስት ልጆች ወለደች። በ1923 ግድም ወደ ዋና ከተማዋ መጣች፤ ትዳሩም ብዙ አልቆየም። በ1928 ሳን ካርሎስ በሚባለው ዝነኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። በ1929 ዲዬጎ ሪቬራ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆኖ ሲሾም የተማሪዎችን ሥራ ዞሮ ተመለከተና የማሪያን ለይቶ አደነቀ። ወንዶቹ ተማሪዎች ይህን አልታገሱም። ውኃ ደፉባት፤ ከትምህርት ቤቱ እንድትባረርም ጠየቁ። እሷም ብዙ ሳትቆይ ትምህርቷን ትታ ወጣች። በዚያው ዓመት ባቀረበችው የመጀመሪያ ዐውደ ርዕይ ላይ መግቢያ የጻፈላት ሪቬራ ነበር። ይህን የሪቬራን ነገር አንባቢ ያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የአርት ሴንተር አዳራሽ ሥዕሎቿን አሳየች። በአሜሪካ ምድር የግል ዐውደ ርዕይ ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሜክሲኮያዊት ሴት እሷ ናት፤ ከፍሪዳ ስምንት ዓመት ቀድማ። ፈረንሳዊው ባለቅኔና የቴአትር ሰው አንቶናን አርቶ በ1936 ሜክሲኮ በመጣ ጊዜ ሥራዋን አይቶ እጅግ ወደደው፤ ሲመለስ ሥዕሎቿን ፓሪስ ወስዶ በ1937 እንዲታዩ አደረገ። የምትስለው የሰርከስ ጋላቢ ሴቶችን፣ የገጠር ጎጆዎችን፣ ፈረሶችን፣ በየቤቱ ለሐዘንተኛይቱ እመቤታችን የሚዘጋጀውን መሠዊያ፣ ጣፋጭና ሸክላ የተደረደረበትን ቁም ሳጥን ነው። ቀለሟ ጡብና አፈር፣ ደም ቀይና ሐምራዊ ነው። ከ1929 እስከ 1933 ድረስ አብሯት ከኖረው ከታላቁ ሠዓሊ ከሩፊኖ ታማዮ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። የዚያን ጊዜ ሥራዎቻቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። ታዲያ ለረጅም ዘመን «የታማዮ ተጽዕኖ አለባት» ሲባል ኖረ። የሷ ተጽዕኖ በሱ ላይ ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀው ስንቱ ነው?

ወደ ውሉ እንመለስ። በ1945 መጀመሪያ የፌዴራል ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የዋና ከተማዋ አስተዳዳሪ የነበረው ሐቪዬር ሮሆ ጎሜስ፣ በአስተዳደሩ ሕንፃ ዋናው ደረጃ ዙሪያ ያለውን ሰፊ ግድግዳ እንድትስል ለማሪያ ሰጣት። ውል ተፈረመ። ሥዕሉ የከተማዋን ታሪክና ዕድገት እንዲሁም ጥበባትን እንዲያሳይ ታስቦ ነበር። ማሪያ ንድፎቿን በውኃ ቀለም ሠራች፤ ንድፎቹ እስካሁን አሉ። ረዳቶች ቀጠረች፣ ቁሳቁስ ገዛች፣ መወጣጫው ተተከለ።

ሥራው ሊጀመር ሲል ታገደ። አስተዳዳሪው ምክር የጠየቀው ሪቬራንና ሲኬይሮስን ነበር። እነሱም ሴትዮዋ የፍሬስኮ ልምድና ችሎታ ስለሌላት እንዲህ ላለ ትልቅ ሕንፃ አትበቃም አሉ። አነስ ያለ ሌላ ሕንፃ ይሰጣት የሚል ሐሳብም ቀረበ። ማሪያ አልተቀበለችም።

እስቲ ነገሩን እንደ ሕግ ሰው እንየው። አንደኛ፣ ውሉ ተፈርሟል። ችሎታዋ የሚመዘነው ከመፈረሙ በፊት እንጂ መወጣጫው ከቆመ በኋላ አልነበረም። ሁለተኛ፣ አለመቻሏ የተረጋገጠው በምን ማስረጃ ነው? አንድ ክንድ ግድግዳ እንኳን ሳልቶ አላየችም፤ ይቅርታ፣ እንድትስል አልተፈቀደላትም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ባለሙያ ተብለው አስተያየት የሰጡት ሰዎች እነማን ናቸው? የመንግሥትን ግድግዳ ራሳቸው የሚሻሙ ተወዳዳሪዎች ናቸው። በየትኛውም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ለምስክርነት ቢቀርብ የመጀመሪያው መቃወሚያ «በነገሩ ጥቅም አለው» የሚል ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከተማሪዎቹ ሁሉ ለይቶ ያደነቃት ያው ሪቬራ መሆኑ ነው። ሸራ ላይ ስትስል ድንቅ ነበረች፤ ወደ ግድግዳው ስትጠጋ ችሎታ አጣች። ሲኬይሮስ በዚያው በ1945 ያሳተመው ጽሑፍ ርእስ «ከኛ መንገድ በቀር ሌላ መንገድ የለም» የሚል ነበር። ርእሱ ስለ ሥነ ጥበብ ስልት ነው፤ ለማሪያ ግን የደረጃው ግድግዳ ላይም ሠርቷል።

እሷ ዝም አላለችም። በጋዜጣ ወጥታ ተቃወመች፤ ግድግዳው በጥቂት ሰዎች ሞኖፖል ተይዟል አለች። አልፎ ተርፎም ልምድ የላትም ለተባለው መልስ እንዲሆን፣ ካቀደችው ሥዕል ሁለት ክፍሎችን «ሙዚቃ»ንና «ትራጀዲ»ን፣ ከቦታ ቦታ ሊንቀሳቀስ በሚችል ገበታ ላይ በፍሬስኮ ሠርታ በ1946 አሳየች። ማስረጃው ቀረበ ማለት ነው። ውሳኔው ግን አልተቀየረም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የኛው ተረት እዚያም አገር ሰፊ ተከታይ ነበረው።

በ1947 አንዲት እንግዳ ሥዕል ሳለች። ራሷ በመስኮት ብቅ ብላ የገዛ ራሷን የተቆረጠ ጭንቅላት በእጇ ይዛለች። «ሕልምና ቅድመ ስሜት» ብላ ሰየመችው። በዓመቱ በ1948 በአንጎል የደም መርጋት ተመትታ ግራ ቀኟ ተዛባ፤ የምትስልበት ቀኝ እጇ ሽባ ሆነ። ጨክና በግራ እጇ መሳል ጀመረች። በታኅሣሥ 1955 አረፈች።

ሕጉስ ምን ይል ነበር?

ውሉ በተፈረመ ጊዜ ማሪያ ኢዝኪዬርዶ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ መስጠት የማትችል ዜጋ ነበረች። የሜክሲኮ ሴቶች ሙሉ የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በጥቅምት 1953 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፌዴራል ምርጫ የመረጡት ደግሞ በ1955፣ እሷ በሞተችበት ዓመት።

በ1928 የወጣውና በ1932 ሥራ ላይ የዋለው የዋና ከተማዋ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ለዘመኑ ተራማጅ የሚባል ነበር። ሆኖም የቤት ውስጥ ሥራን መምራት የሚስት ኃላፊነት ነው ይላል። ቀጥሎም ሚስት ከቤት ውጭ መሥራት የምትችለው ይህን ኃላፊነቷን የማይጎዳ ሲሆን ነው ይላል፤ ባልም ሥራዋን ሊቃወም ይችላል። እነዚህ አንቀጾች ሙሉ በሙሉ የተወገዱት በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ወንድና ሴት በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለው ቃል በሕገ መንግሥቱ ከገባ በኋላ ነው። እንግዲህ አንዲት ባለትዳር ሠዓሊ ግድግዳ ለመሳል ለወራት መወጣጫ ላይ ብትውል፣ ባል በሕግ የሚጠይቅበት በር ክፍት ነበር። አብዛኞቹ ይህን በር አልተጠቀሙበት ይሆናል። በሩ መኖሩ ግን ቤት ውስጥ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚያዳምጥ ይወስናል።

የመምህርቷ ግድግዳ

ግድግዳ ጨርሶ ያልደረሳቸው አይምሰላችሁ። የደረሳቸውም አሉ፤ ታሪካቸው ግን እንደ ግድግዳው ሰፊ ሆኖ አልተጻፈም።

የመጀመሪያዋ ሜክሲኮያዊት የግድግዳ ሠዓሊ አውሮራ ሬዬስ ናት። በ1908 በሰሜኑ ቺዋዋ ክፍለ ግዛት ተወለደች። አያቷ ጄኔራል ቤርናርዶ ሬዬስ በ1913 ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ ሲሞክር የተገደለው የጦር መሪ ነው፤ ደራሲው አልፎንሶ ሬዬስ አጎቷ ነበር። ከጄኔራሉ ሞት በኋላ ቤተሰቡ ተሳደደ፤ ልጅነቷ በችግር አለፈ። ከፍሪዳ ካሎ ጋር የተዋወቁት በትምህርት ቤት ሲሆን ወዳጅነታቸው እስከ መጨረሻው ዘልቋል። አውሮራ ከ30 ዓመት በላይ መምህርት ሆና ሠርታለች፤ ግጥም ጽፋለች፤ በመምህራን ማኅበር ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብትና ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ተሟግታለች።

በ1936 ሜክሲኮ ከተማ በሚገኘው ሴንትሮ ኤስኮላር ሬቮሉሲዮን በተባለ ትምህርት ቤት የሳለችው ሥዕል «በገጠር መምህራት ላይ የተፈጸመ ጥቃት» ይባላል። ጊዜው መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን የተጋጩበት ነበር። ገጠር ገብተው የመንግሥትን ዓለማዊ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራንን የታጠቁ ተቃዋሚዎች ይደበድቡ፣ ጆሮ ይቆርጡ፣ ይገድሉም ነበር። አውሮራ የሳለችው ይህንን ነው። አንዱ ሰው መምህርቷን በፀጉሯ መሬት ለመሬት ይጎትታታል፤ ሌላው በጠመንጃ ሰደፍ ፊቷን ይመታታል፤ ልጆች ተሸሽገው በፍርሃት ያያሉ።

በሪቬራ ግድግዳዎች ላይም መምህርት አለች፤ ረጋ ብላ ተቀምጣ ልጆችና ገበሬዎች ከበዋት ስታስተምር ትታያለች፤ እንደ አዲሱ ዘመን ምልክት። አውሮራ ራሷ መምህርት ስለነበረች ምልክቷን ሳይሆን ሴትዮዋን ሳለች፤ የሚጎተተው ፀጉር የሰው ፀጉር ነው። ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ የተሠራው የታወቀው የቤሌን እስር ቤት በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። እስር ቤት በነበረ ቦታ ላይ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምትደበደብ አስተማሪ። ይህን አጣምሮ ማሰብ ለኔ ከብዙ የጦርነትና የድል ግድግዳ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ አውሮራ ሌላ ትልቅ ግድግዳ እስክታገኝ ሃያ ዓመት ተሻግሯል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመምህራን ማኅበሩን አዳራሽ ሳለች፤ በ1978 ደግሞ በኮዮአካን የአካባቢው ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ የስፔኖችንና የአገሬውን ሰዎች የመጀመሪያ ግንኙነት ሳለች።

ከአውሮራ ቀድመው በሜክሲኮ ግድግዳ የሳሉ ሴቶች ነበሩ፤ አሜሪካዊቷ ማሪዮን ግሪንውድ በ1933 ታስኮ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ቀጥሎም ሞሬሊያ በሚገኘው የሚቾአካን ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም ከእህቷ ከግሬስ ጋር በሜክሲኮ ከተማ አቤላርዶ ሮድሪጌስ ገበያ ውስጥ። ለአገሬው ሴት የጠበበው ግድግዳ ለውጭ አገር ሴት ሰፋ ማለቱን ልብ ይሏል። ምናልባት እንግዳ ሴት ላይ የባልም፣ የወንድምም፣ የጎረቤትም ዓይን አያርፍባት ይሆናል።

የታላላቆቹ ረዳቶች

ሌሎቹ መወጣጫው ላይ የወጡት በረዳትነት ነው። ጓቲማላ የተወለደችው ሪና ላሶ ከ1947 ጀምሮ ሪቬራ እስከሞተበት እስከ 1957 አብራው ሠርታለች፤ ዝነኛው የአላሜዳ መናፈሻ የእሑድ ከሰዓት ሕልም ሥዕል የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። የሰው ሁሉ ዓይን በሪቬራ ፊርማ ላይ ሲያርፍ እሷ ቀለም ፈጭታ፣ ልስን ተከትላ ስላለች። በኋላ በ1960ዎቹ አጋማሽ በብሔራዊው የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም የቦናምፓክን የጥንት የማያ ሕዝብ ሥዕሎች በሙሉ መጠናቸው መልሳ ሠራች። በ2019 እስክትሞት ድረስ ከብሩሽ አልተለየችም። በዚያው ሙዚየም ውስጥ ፖላንድ ተወልዳ በ1938 ወደ ሜክሲኮ የተሰደደችው፣ የፍሪዳ ተማሪ የነበረችው ፋኒ ራቤልም ግድግዳ አላት። ሳልቲዮ ከተማ የተወለደችው ኤሌና ሁዌርታ ደግሞ የትውልድ ከተማዋን የ400 ዓመት ታሪክ በ1970ዎቹ ስትስል ዕድሜዋ 60ዎቹን አጋምሷል፤ ሥራዋ 450 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለችሎታ ማነስ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቁጥር ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

በፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ሎላ አልቫሬስ ብራቮ የባሏን የማኑኤልን ካሜራ በመሸከምና ፊልም በማጠብ ጀምራ የራሷን ዓይን ያፈራች ባለሙያ ናት። ከተለያዩ በኋላም የሱን ስም ይዛ ኖረች። ከላይ የጠቀስኩት የፍሪዳ የ1953 ዐውደ ርዕይ የተካሄደው በሎላ አዳራሽ ነው። ሰዉ ፍሪዳ በአልጋ መምጣቷን ያስታውሳል፤ አዳራሹን የከፈተችላትን ሴት ግን አይጠይቅም። ናሁዊ ኦሊን በሚል ስም የምትታወቀው የጄኔራል ሞንድራጎን ልጅ ካርሜን ደግሞ ሠዓሊና ገጣሚ ነበረች፤ ለረጅም ዘመን የተነገረላት ግን አረንጓዴ ዓይኗ፣ ራቁቷን የተነሳችው ፎቶና ፍቅረኛዋ ዶክተር አትል ናቸው። በ1978 በድህነት ሞተች። ሥዕሎቿ ተሰባስበው የታዩት በ1990ዎቹ ነው።

ጦርነት ከአውሮፓ ያባረራቸው ሊዮኖራ ካሪንግተንና ሬሜዲዮስ ቫሮ ሌላ ዓይነት ዕድል ገጠማቸው። ቫሮ ለመድኃኒት ኩባንያ ማስታወቂያ እየሳለች ኖራ፣ በ1956 የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርዕይዋ ተወደደላት፤ ሰባት ዓመት ሳትጠግብ በ1963 በድንገት አረፈች። ካሪንግተን በ2011 እስክትሞት ሜክሲኮ ከተማ ኖራለች፤ አንድ ሥዕሏ በ2024 28.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እነዚህ ሁለቱ ተረስተዋል ለማለት ዛሬ አያስደፍርም። ነገር ግን ገበያው ያነሳቸው ከአውሮፓ ሱሪያሊስቶች ጋር አያይዞ ነው። ከአገሬው ሴቶች ውስጥ ለምሳሌ የኢዝኪዬርዶ ዋጋ ከነዚህ አጠገብ አይደርስም።

ቀራጺዋ አንሄላ ጉሪያ ሥራዋ በሴትነቷ እንዳይናቅባት መጀመሪያ አካባቢ በወንድ ስም ትፈርም ነበር። በ1968 ኦሊምፒክ ጊዜ በከተማዋ ደቡብ በተዘረጋው የወዳጅነት ጎዳና የመጀመሪያው ሐውልት የሷ ነው። በ1974 የሜክሲኮ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በአባልነት የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ከዚያ ትውልዱ ተለወጠ። በ1978 ሞኒካ ማየር የምትባል የ24 ዓመት ወጣት በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ሥዕል ሳይሆን የልብስ ማስጫ ገመድ ዘረጋች። ለከተማዋ ሴቶች ትንንሽ ሮዝ ወረቀት አደለችና፣ ሴት በመሆንሽ በዚህች ከተማ በጣም የምትጠይው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። የተጻፈላትን በሙሉ በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። አብዛኛው መልስ በአውቶቡስና በመንገድ ላይ ስለሚደርስባቸው ትንኮሳ ነበር። ሥራው ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች ጭምር ተደጋግሞ ተሰቅሏል።

ዘግይቶ የመጣው አዋጅ

ሜክሲኮ በ1972 ያወጣችው የቅርስ ሕግ የአንድን ሠዓሊ ሥራ በሙሉ «ሥነ ጥበባዊ ሐውልት» ብሎ ማወጅን ይፈቅዳል። ሥራዎቹ በግለሰብ እጅ ቢሆኑም ለዐውደ ርዕይ ካልሆነ በቀር ከአገር ወጥተው መቅረት አይችሉም። ይህ ማዕረግ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው። ፍሪዳ ካሎ በ1984 አገኘችው። ማሪያ ኢዝኪዬርዶ ያገኘችው በ2002፣ ከሞተች 47 ዓመት በኋላ ነው። በ2012 ደግሞ አፅሟ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ሮቶንዳ ተዛወረ። ሪቬራና ሲኬይሮስም እዚያው ናቸው።

አሠልጣኝም ሆነ ተማሪ፣ ነጋዴም ሆነ ዲፕሎማት፣ ሜክሲኮ ከተማ የመሄድ ዕድል የገጠመው አንባቢ ከነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹን በአንድ ሁለት ቀን ማየት ይችላል። የላሶና የራቤል ግድግዳዎች አንትሮፖሎጂ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የግሪንውድ እህትማማቾች ሥራ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚሸጥበት ገበያ ደረጃዎች ላይ ነው። የአውሮራ ሬዬስ መምህርት ያለችበት ትምህርት ቤት ከባልዴራስ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም፤ ዛሬም ልጆች ይማሩበታልና ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።